ጥጋብ ሲዘገይ

ነሐሴ ላይ የእህቴን ልጅ የትምህርት ቤት የጤና ወረቀት ለማስሞላት ከፒያሳ ወረድ ብላ ወዳለች አንዲት ክሊኒክ ወሰድነው። እኔ፣ እህቴና እማዬ ሆነን። ለአንድ የ8 ዓመት ልጅ ሦስት አዋቂ መሄዱ ራሱ ስለ ቤታችን ብዙ ይናገራል። ነርሷ መዘነችው። ቁመቱን ለካች። አንድ መስመር የበዛበት ወረቀት ላይ ነጥብ አደረገች። ከዚያ ወደ እህቴ ዞር ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እናቱ፣ ክብደቱ ለዕድሜው ከፍ ብሏል። ከልክ ያለፈ ውፍረት የምንለው ውስጥ ገብቷል።»

እህቴ ዝም አለች። እማዬ ግን ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና «ልጄ፣ በዓይንሽ አትብይብኝ! የጠገበ ልጅ አይተሽ አታውቂም እንዴ?» አለቻት።

ነርሷ ሳቀች። «እማማ፣ እኔም ልጅ አለኝ» ብላ አለፈችው። እኔን ግን «የጠገበ ልጅ» የሚለው ነገር ቤት ከገባሁ በኋላም አለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጆች ውፍረት ያገኘሁትን ሳነብ ከረምኩ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚችው የእማዬ ቃል ላይ ነው፤ ግን ተገልብጦ። እንዲህ ያለ ልጅ የወፈረው ጠግቦ አይደለም። ጥጋቡ በጊዜ ስለማይደርስለት ነው። ስለዚህ «ለምን ይበላል?» ከማለት «ጥጋቡን ምን አዘገየበት?» ብሎ መጠየቁ ይሻላል።

መጀመሪያ ግን ልኬቱን እንጨርስ። ልጁ 34 ኪሎ ይመዝናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ28 ነው። ክብደቱን በቁመቱ፣ የመጣውን ደግሞ እንደገና በቁመቱ ብታካፍሉት 20.8 ገደማ ይሆናል። እኔ 20.8 ብሆን ድግስ እደግሳለሁ። ለአዋቂ ጤነኛው ልክ ከ18.5 እስከ 25 ነዋ! ለልጅ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት ልክ 8 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁጥሩ 15.7 ነው። ከ19.7 ካለፈ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ለሴቶችና ለሌላ ዕድሜ ቁጥሩ ይለያል።

ለምን እንዲህ ሆነ? የልጅ ሰውነት ይሞላል፣ ይጎድላል፣ እንደገና ይሞላል። በመጀመሪያው ዓመት ድንቡሽቡሽ ይላል። መራመድ ሲጀምር እየቀጠነ ይሄዳል። 5 እና 6 ዓመት አካባቢ ከዕድሜው ሁሉ የቀጠነበት ጊዜ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ መሙላት ይጀምራል። ይህ የመልስ ጉዞ ቀደም ብሎ፣ 5 ዓመት ሳይሞላ ከጀመረ፣ ልጁ ኋላ ላይ ከልክ በላይ የመወፈር ዕድሉ ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ነው እኛ አበሾች የምንሳሳተው። ልጁ 5 ዓመት ሲሆነው ጎድኑ መቆጠር ይጀምራል። ቤተሰብ ይደነግጣል። «ልጁ ከሳ! ምን ነካው?» ይባላል። አጥሚቱ ይፈላል፣ ቅቤው ይቀልጣል፣ በሰዓት በሰዓቱ መክሰስ ይቀርባል። ልጁ መቅጠን በሚገባው ሰዓት ላይ በጠቅላላ ቤተሰብ ርብርብ እንዳይቀጥን ይደረጋል። የእህቴን ልጅ ፎቶዎች ወደ ኋላ እያገላበጥኩ አየሁ። በ5 ዓመቱ ልደት ላይ ኬክ ሲቆርስ ጉንጩ ሙሉ ነው። ያኔ ሁላችንም «ምን የመሰለ ልጅ!» ብለን ነበር።

«ይሄ የሀብታም አገር ጣጣ ነው» የሚል አይጠፋም። በከፊል እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ክብደታቸው ከመጠን በላይ የሆነው 1 ከመቶ ብቻ። በ2019 ደግሞ 37 እና 2 ከመቶ። የአገሪቱ ትልቁ የልጆች ምግብ ችግር መቀንጨር መሆኑ አያከራክርም። ግን እነዚህ የአገር አማካይ ቁጥሮች ናቸው። ሰቆጣና ካዛንቺስ አንድ ላይ ሲደመሩ የካዛንቺስ ነገር ይሰወራል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ውስጥ ክብደታቸው ከመጠን በላይ የነበረው 8 ከመቶ ነበሩ። በ2022 20 ከመቶ ደረሱ። ዩኒሴፍ በ2025 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በዚህ ዕድሜ ከልክ በላይ የወፈሩት ከከሱት ለመጀመሪያ ጊዜ በለጡ። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ብቻ ገና እዚያ አልደረሱም።

በበለጸጉት አገሮች የሚወፍረው ይበልጡን የድሃ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ እስካሁን ተቃራኒው ነው የሚታየው። የግል ትምህርት ቤት ልጆች ይበዛሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኛ ዘንድ በርገርና ለስላሳ አሁንም «አለን» የሚያሰኝ ነገር ነው። የታሸገ ምግብ እየረከሰ ሲሄድ ግን ችግሩ ወደ ድሃው ቤት እንደሚወርድ ብራዚልና ሜክሲኮ አይተውታል።

አሁን ወደ ጥጋብ እንምጣ። አማርኛችን ራሱ ጥጋብን አይወድም። «ጥጋበኛ» ስንል ስድብ ነው። የሆድ ጥጋብ ግን ሰውነት ከሚሠራቸው ረቂቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ሰውነት ለአንጎል የሚልከው መልእክት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የዕለት ነው። ጨጓራ ሲወጠር በነርቭ፣ ምግብ ወደ አንጀት ሲወርድ ደግሞ በሆርሞን «በቃ» የሚል መልእክት ይላካል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ 20 ደቂቃ ገደማ። በ5 ደቂቃ የተዋጠ ምግብ መልእክቱን ቀድሞት ያልፋል።

ሌላው መልእክት የረጅም ጊዜ ነው። ሰውነት ያጠራቀመው ስብ ራሱ «እኔ ጋ ስንቅ አለ» እያለ ለአንጎል ይነግራል። ይህን የሚናገርበት ሆርሞን ሌፕቲን ይባላል። ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ነው እ.ኤ.አ. በ1994 ያገኘው። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ያሉ ተመራማሪዎች ስለ ሁለት የአጎት ልጆች ጻፉ። አንዷ 8 ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ 86 ኪሎ። ሌላው 2 ዓመቱ፤ 29 ኪሎ። ሲወለዱ እንደማንኛውም ሕፃን ነበሩ። ምግብ ሲያዩ ግን የሚያቆማቸው አልነበረም። ሰውነታቸው ሌፕቲን መሥራት አይችልም ነበር። አንጎላቸው ያን ሁሉ ስብ ተሸክሞ «ረሃብ ገባ!» እያለ ይጮህ ነበር ማለት ነው። ልጅቷ ሌፕቲን በመርፌ ስትወስድ የምግብ ጥድፊያዋ ረገበ። በአንድ ዓመት 16 ኪሎ ቀነሰች።

ይህን ታሪክ ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ስንቱን ልጅ «ሆዳም» ብለነዋል? እርግጥ እንዲህ ያለ ጉድለት በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ሰው ዘንድ ነው ያለው። የእኛ ልጅ የዚህ ዓይነት አይደለም። ብዙዎቹ ወፍራም ልጆች ሌፕቲናቸው ሞልቷል፤ አንጎላቸው ነው በደንብ የማይሰማው። ግን አንድ ነገር ተረጋግጧል። ረሃብና ጥጋብ የጸባይ ጉዳይ ብቻ አይደሉም።

ዘር ስንት ድርሻ አለው? ብዙ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የእንግሊዝ አገር ጥናት ከ8 እስከ 11 ዓመት የሆኑ ከ5,000 በላይ መንትያ ጥንዶችን መረመረ። በልጆቹ መካከል ከታየው የክብደት ልዩነት 77 ከመቶው ከዘር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነገራል። የአንድ ልጅ ውፍረት 77 ከመቶው ከወላጅ መጣ ማለት አይደለም። በተመሳሳይ ዘመንና አገር ያደጉ ልጆች እርስ በርስ ለምን ይለያያሉ ለሚለው ነው መልሱ። ዘር ደግሞ የሚሠራው ይበልጡን በምግብ ፍላጎት በኩል ነው። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ብስኩቱን ግማሹን ትቶ ይሮጣል። ወንድሙ ፍርፋሪውን ይለቅማል። አሳዳጊያቸው አንድ ናት። አንዱ ጋ ጥጋብ ቶሎ ይደርሳል፣ አንዱ ጋ ይዘገያል።

ታዲያ ዘር ነው ብለን እንተወው? ከ1990 እስከ 2022 ያለው 32 ዓመት ነው። የሰው ዘር በ32 ዓመት አይለወጥም። ከ8 ወደ 20 ከመቶ የወሰደን ሌላ ነገር ነው። ጥጋቡ የሚዘገይ ልጅ ድሮም ነበረ። ድሮ ግን የሚበላው ቶሎ ያልቅ ነበር።

ነገሩ ከማኅፀን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት ጀርመኖች ምዕራብ ኔዘርላንድን በምግብ አስራቡ። ኋላ በዚያ ወቅት የተፀነሱትና የተወለዱት ወንዶች 19 ዓመት ሞልቷቸው ለውትድርና ሲመረመሩ የ300,000 ገደማ ምልምሎች መዝገብ ተጠና። እናቶቻቸው በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ግማሽ ላይ የተራቡባቸው ወጣቶች ዘንድ ከልክ ያለፈ ውፍረት በዝቶ ተገኘ። በመጨረሻው ሦስት ወር የተራቡባቸው ዘንድ ግን አንሶ ነበር። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ፣ ገና በሆድ ያለ ሕፃን ስለሚጠብቀው ዓለም ወሬ ይደርሰዋል የሚል ነው። «ችግር አለ» ከተባለ ቆጥቦ ለመኖር ይዘጋጃል። ከዚያ ለስላሳና ድንች ጥብስ ያለበት ዓለም ላይ ይወለዳል። በሌላ በኩል እናት በእርግዝና ጊዜ ስኳር በሽታ ከያዛት ተጨማሪው ስኳር ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ያም ልጁን ለኋላ ውፍረት ያጋልጣል። መራቡም፣ መብዛቱም ዕዳ አለው።

ቀጥሎ ጡት። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ የሚባለው ብዙ ምክንያት አለው። ለእኛ ነገር ግን አንዱ ይበቃል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ሲጠግብ ራሱ ይለቃል። እናት ስንት እንደጠባ አታይም። ጡጦ ላይ ግን መስመር አለ። 30 ሚሊ ሊትር ሲቀር ይታያል። «ይቺን ብቻ ጨርሳት የኔ ጌታ» ይባላል። ልጁ አፉን ሲያዞር ጡጦው ይከተለዋል። ሰው በሕይወቱ መጀመሪያ የሚማረው ነገር፣ ሆዱ «በቃ» ሲለው ሌላ ሰው «አልበቃህም» ሊለው እንደሚችል ነው።

እማዬ ደግሞ በዚህ ሥራ ሊቅ ናት። ሰሃኑ ባዶ ሲሆን ቀና ብላ አታይም፤ እጇ ብቻ ይሄድና ይጨምራል። ልጁ «ጠገብኩ» ሲል «በሞቴ» ይመጣል። «በሞቴ» ካልሠራ «አፈር ስሆን» አለ። ከዚያ ጉርሻ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ስለዚህ ሁለት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሳቅሁባት። አንድ ቀን ግን ስለ 77ቱ ድርቅ ጠየቅኋት። ያኔ ወሎ ነበረች። ያየችውን ብዙም አትናገርም። «ልጅ እንጀራ እያየ አንገቱን ሲያዞር አይቻለሁ፤ መብላት ትቶ» አለችኝና ቡናዋን ወደመቁላት ተመለሰች። ለሷ «አልፈልግም» የሚል ልጅ ማለት ያ ልጅ ነው። እንዲህ ዓይነት ፍርሃት በቁጥርና በሰንጠረዥ አይለቅም።

ቋንቋችንም ከእማዬ ጋር ነው። «ወፈርክ» ምርቃት ነው፣ «ከሳህ» ሐዘኔታ። ደህና ያደገን ልጅ «ፋፋ» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከስዊድን ጋር በመተባበር ለተራቡ ልጆች የተዘጋጀው የዱቄት ምግብም ስሙ ፋፋ ነው። ለዚያ ጊዜ ችግር ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ለዛሬው የመሀል ከተማ ልጅ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ይዞ መጣ።

ምግቡን እንየው። እህቴ ልጇን ለስላሳ አታስነካውም። «የኔ ልጅ ጁስ ነው የሚጠጣው» ትላለች፣ በኩራት። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያሉትን ጁስ ቤቶች ማን ይቆጥራቸዋል! እኔ ራሴ ስፕሪስ በጣም እወዳለሁ። አቮካዶው ከሥር፣ ማንጎው ከላይ፣ ፓፓያው መሀል፣ ቪምቶው ጣል ተደርጎበት። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከፍሬ ተጨምቆ የወጣን ስኳር በማንኪያ ከሚጨመረው ጋር ነው የሚቆጥረው። አንድ ልጅ ሦስት ማንጎ ተልጦ ቢሰጠው ሁለተኛው ላይ ይታክታል። ቃጫው በጥርሱ ይያዛል፣ እጁ ይጨማለቃል፣ ሆዱ ይሞላል። ተጨምቆ ሲመጣ ሦስቱንም በሁለት ደቂቃ ይጨርሳል። ከዚያ «ምሳ ምንድን ነው?» ይላል። ፈሳሽ ስኳር ጥጋብን አይጠራም። ጠጥተን ስላገኘነው ኃይል ብለን ከምግባችን ላይ አንቀንስም። የልጆች ውፍረት ላይ ከተጻፉት ሁሉ ጥርት ያለው ማስረጃ በጣፋጭ መጠጦች ላይ ያለው ይመስለኛል።

ለስላሳ ከ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ገደማ ስኳር አለው። አንድ ትንሽ ጠርሙስ 30 ግራም፣ ማለትም 7 የሻይ ማንኪያ ተኩል ያህል። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚበላ የ8 ዓመት ልጅ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ጣሪያ 40 ግራም ነው። ቢቻል ከ20 አይለፍ ይላል። ጠዋት ላይ ልጆቻችን ዳቦ እየነከሩ የሚጠጡትን ሻይ አስቡት። በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ሁለት ብርጭቆ ሲሆን 20ው አልፏል፤ ገና ትምህርት ቤት ሳይደረስ።

ከመጠጥ ቀጥሎ የፋብሪካ ምግብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በኬቨን ሆል የተመራ አንድ ጥናት 20 ሰዎችን አንድ ወር አስቀምጦ መገበ። አዋቂዎች ናቸው፤ ግን የጥጋብን ነገር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጥናት አላገኘሁም። ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ከጓዳ የወጣ ዓይነት ምግብ። በቀረበላቸው ውስጥ ያለው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና ቃጫ እኩል እንዲሆን ተደርጓል። «የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ» ተባሉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ የአምስት ሙዝ ገደማ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሳያልፍ ወደ አንድ ኪሎ ጨመሩ። ፈጥነውም ይበሉ ነበር። ምግቡ ልስልስ ያለ ነው፣ አይታኘክም፣ ይሟሟል።

እዚህ ጋ ቆሎ ትዝ አለኝ። አንድ እፍኝ ቆሎ አሥር ደቂቃ ያስኝካል። መንጋጋ ይደክማል። (ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎ አትስጡ፤ ያንቃል።) አንድ ፓኬት ብስኩት ግን ከትምህርት ቤት በር እስከ ሰርቪሱ አያደርስም። በሩ ላይ ደግሞ ሱቅ በደረቴው አለ። ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ በጨው የተለወሰ ቺፕስ። ክፍል ውስጥ የልደት ኬክ አለ። 35 ተማሪ ባለበት ክፍል በየሦስት ሳምንቱ ሁለት ልደት ገደማ ይደርሳል። እህቴ ይህን ስነግራት በጣቷ ቆጥራ «እውነትህን ነው» አለች። ያን ዓመት ራሷ የላከችው ኬክ ባለሁለት ፎቅ ነበር።

ጨዋታስ? እኔ ያደግኩት ከጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ የፒያሳ ሰፈር ነው። ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ ብይ፣ አባሮሽ። ማንም «ስፖርት ሥራ» አላለንም። እናቶቻችን ሲመሽ ነበር የሚጣሩት። የሰፈሩ አዋቂ ሁሉ የሁሉም ልጅ ወላጅ ስለነበር ደጅ አያስፈራም ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ካዛንቺስ ተከተለ። አሁን በዚያ በኩል ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አለ። እውነቱን ለመናገር ያምራል፤ እሑድ እሑድ ልጆች ሲነዱበት አያለሁ። ግን የሚነዱት ልጆች ከወላጅ ጋር የመጡ ናቸው። ልጅ ብቻውን ከበር ወጥቶ የሚጫወትበት ሰፈር ሌላ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» በወር አንዴ ያን ስሜት ይመልስ ነበር።

እህቴ መሀል ከተማ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ግቢው ውስጥ «ኳስ መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ከጽሑፉ ሥር መኪኖች ቆመዋል። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የድሮ ቪላ ተከራይተው ነው የሚያስተምሩት፤ ግቢው ለሰልፍ ብቻ ይበቃል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 60 ደቂቃ ላብ ጠብ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ይፈልጋል ይባላል። የእኛ ልጅ ከሰርቪስ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አስጠኚ፣ ከአስጠኚ ወደ ታብሌት ነው።

ይሁንና እንቅስቃሴን ከሚገባው በላይ ማክበር አልፈልግም። የአንድ ጠርሙስ ለስላሳን ኃይል ለማቃጠል ያ ልጅ ግማሽ ሰዓት ያህል መሮጥ አለበት። ጠጥቶ ለመጨረስ አንድ ደቂቃ በቅቶታል። መሮጥ ለልብም፣ ለአጥንትም፣ ለእንቅልፍም፣ ለደስታም ነው። ክብደትን ብቻውን ግን አይመክትም። «ልጆቹ ስለማይንቀሳቀሱ ነው» የሚለውን ምክንያት ለስላሳ አምራቾች በጣም ይወዱታል። ለምን እንደሚወዱት ለናንተ ትቻለሁ።

እንቅልፍን ግን ንቀነዋል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ሰርቪሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በር ላይ ነው። ልጁ 11 ሰዓት ተኩል ይቀሰቀሳል። ማታ ሳሎን ውስጥ ተከታታይ ድራማ አለ፤ ሳሎኑ ደግሞ መኝታ ቤቱም ነው። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቢተኛ 7 ሰዓት ብቻ ተኛ። እንቅልፍ ያነሰው ልጅ በማግስቱ ረሃቡ ይበረታል፤ የሚያምረውም ጎመን አይደለም።

በሽታና መድኃኒትም ሊያወፍር ይችላል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ፣ ወይም የሆርሞን ችግር ሲኖር። ብዙም አያጋጥምም። አንድ ጥሩ ምልክት አለ። በምግብ ብቻ የወፈረ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከእኩዮቹ ዘለግ ይላል። እየወፈረ ቁመቱ ግን ከቆመ ሐኪም ቶሎ ይየው።

ነርሷን ኋላ ለብቻዋ ጠየቅኋት፤ «ምን ያህል መቀነስ አለበት?» ብዬ። «ምንም» አለችኝ። «ይደግ እንጂ። ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ይለፈው።» በልጅ ላይ ደስ የሚለው ይሄ ነው። አዋቂ ይህ ዕድል የለውም። ለልጁም ስለ ውፍረቱ አንድ ቃል እንዳንናገር አስጠነቀቀችን። በክብደቱ የተሾፈበት ልጅ ተደብቆ ነው የሚበላው።

ቤት ውስጥ የተቀየረው ጥቂት ነው። ጁሱ የቅዳሜ ብቻ ሆነ። ምሳ ዕቃው ውስጥ ውኃ ገባ። ቴሌቪዥኑ 3 ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ የድራማው ሱስ የእኔም ስለነበር ይሄኛው ከሁሉ ከበደኝ። ከእማዬ ጋር ረጅም ድርድር ተደረገ። በመጨረሻ ተስማማች፤ ልጁ «ጠገብኩ» ካለ «በሞቴ» አይባልም። ጉርሻ ግን አይነካም።

ታኅሣሥ ላይ እንደገና ሄድን። ያው ሦስታችን። 34 ኪሎ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ30። 20.8ቱ 20.1 ሆኗል። ነርሷ ነጥቧን አደረገችና አዲሱን ከአሮጌው ጋር በመስመር አገናኘች። መስመሩ ወደ ታች ነው። «ጎበዝ፣ ረዝመሃል!» አለችው። እሱ ደረቱን ነፋ።

እማዬ እስከ ታክሲው ድረስ አልተናገረችም። ከተቀመጥን በኋላ ጉንጩን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችና ወደ እኔ ዞረች። «ልጁን አከሳችሁት» አለችኝ።